ያቺን ቁጥር አትናቋት፦ ለላይብረሪ ደራሲዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለላይብረሪ ደራሲዎች፣ ባላችሁበት።

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። አብዛኞቻችሁ አታውቁኝም። የምታውቁኝም ካላችሁ "ይሄ ሰውዬ ደግሞ መጣ" እያላችሁ ነው። ሥራዬ ላይብረሪዎቻችሁን፣ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙባቸውን የጋራ ኮዶች ማለቴ ነው፣ ፓኬጅ ማድረግ ነው። እናንተ የጻፋችሁትን ኮድ እወስዳለሁ። ኮምፓይል አደርገዋለሁ፤ ማሽን ወደሚረዳው መልክ እቀይረዋለሁ ማለት ነው። ፋይሎቹን በየቦታቸው አስቀምጣለሁ። ከየትኛው ሌላ ላይብረሪ ጋር እንደሚሄድ እጽፍበታለሁ። ከዚያ ወደ ሊኑክስ ዲስትሪቢውሽን፣ ማለትም ሊኑክስን ከነፕሮግራሞቹ አዘጋጅቶ ወደሚያከፋፍለው ስብስብ፣ ይገባል። ተጠቃሚው አንድ ትእዛዝ ይጽፋል፣ ሥራችሁ ማሽኑ ላይ ቁጭ ይላል። በመሃል ሰው እንዳለ እንኳ አያውቅም። ባያውቅም ይሻለኛል፤ የሚያውቀኝ ነገር ሲበላሽ ነውና።

ደመወዝ የለውም። ከሥራ መልስ ማታ ማታ የምሠራው ነው። ብዙዎቻችሁም እንደዚያው እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ይህን የአለቃ ደብዳቤ አድርጋችሁ አትውሰዱብኝ። የጎረቤት ነው።

የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት ቁጥር ነው። በላይብረሪያችሁ ፋይል ስም ጭራ ላይ፣ ከኤስኦ ቀጥላ የምትመጣው። ላይብረሪው ሊብፉ ቢባል፣ ሊብፉ.ኤስኦ.2 ሲል ያቺ 2።

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከያዝኳቸው ላይብረሪዎች አንዱ ከ2.4.1 ወደ 2.4.2 አለፈ። የለውጡ መግለጫ አንድ መስመር ነበር፦ "ጥቃቅን ማስተካከያዎች"። ደስ አለኝ። ለፓኬጅ አዘጋጅ ጥቃቅን ማስተካከያ ማለት ዕረፍት ማለት ነው። ኮምፓይል አደረግኩት፣ አለፈ። የላይብረሪው የራሱ ቴስቶች በሙሉ አለፉ። ላክሁትና ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ የመጀመሪያው የባግ (የስህተት) ሪፖርት እየጠበቀኝ ነበር። ላይብረሪውን የሚጠቀም አንድ የምስል ማሳያ ፕሮግራም፣ ገና ፋይል ሲከፈትበት ይወድቃል። ሁለተኛው ሪፖርት ከሌላ ፕሮግራም መጣ። ሦስተኛው የባሰ ነበር። ያኛው ፕሮግራም አይወድቅም። ዝም ብሎ የተበላሸ ምስል ሴቭ ያደርጋል። የሚወድቅ ፕሮግራም ይሻላል፤ ቢያንስ መታመሙን ይናገራል።

ግራ የሚያጋባው ከእነዚህ ፕሮግራሞች አንዱም አለመነካቱ ነው። የምስል ማሳያው ኮድ ከተቀየረ ዓመት አልፎታል። ሁለት ማታ ፈጀብኝ። ፕሮግራሙን ጠረጠርኩ። ኮምፓይለሩን ጠረጠርኩ። ቀጥሎ ራሴን ጠረጠርኩ። ሁሉም ሲያልቅብኝ የሁለቱን ቨርዥኖች ሄደር ፋይል (ላይብረሪው ለሌሎች የሚያቀርበው የተዘረዘረበትን) ጎን ለጎን አስቀምጬ መስመር በመስመር ማንበብ ጀመርኩ። አገኘሁት። ማንም ሊጠቀምበት በሚችል አንድ ስትራክት (ተያያዥ ዳታ በአንድ ላይ የሚደረደርበት) መሃል አዲስ ፊልድ (የዳታ ቦታ) ገብቷል። አንድ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ)፣ ስምንት ባይት። ከእርሱ በታች ያሉት ሁሉ ስምንት ስምንት ባይት ተገፍተዋል።

ይህ ለምን ፕሮግራም እንደሚጥል የምታውቁ ይህችን አንቀጽ ዝለሏት። ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም የፊልድ ስም አያውቅም። እርሱ ዘንድ "ስፋት" የሚባል ነገር የለም። የሚያውቀው ርቀት ነው፦ ከስትራክቱ መነሻ 16 ባይት ቆጥረህ፣ እዚያ ያለውን አራት ባይት አንብብ። ትናንት እዚያ የምስሉ ስፋት ነበር። ዛሬ ላይብረሪው እዚያ ያስቀመጠው ፖይንተሩን ነው። ፕሮግራሙ ከፖይንተሩ ግማሹን ቆርሶ፣ ስፋት ነው ብሎ አምኖ፣ በዚያ ልክ ሜሞሪ ይጠይቃል። ሌላም አለ። ፕሮግራሙ ስትራክቱን ራሱ ስታክ ላይ (በጊዜያዊ ሜሞሪው) ከፈጠረው፣ ቦታ የሚይዘው በአሮጌው መጠን ነው። ላይብረሪው የሚጽፍበት ግን በአዲሱ መጠን ነው። ትርፉ ስምንት ባይት ጎረቤት ላይ ያርፋል። ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ያው የዕለቱ ዕጣ ነው።

ለደራሲው ጻፍኩለት። ጨዋ ሰው ነው፤ ሰዓት ሳይሞላ መለሰልኝ። "እኔ ጋ ይሠራል። ፕሮግራሙን እንደገና ኮምፓይል ብታደርገው እኮ ይስተካከላል" አለኝ። እውነቱን ነው። እንደገና ኮምፓይል ሲደረግ ተስተካከለ። እርሱ ችግሩን ያላየውም ለዚሁ ነው። ላይብረሪውንም ቴስቱንም በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ሄደር ነው ኮምፓይል የሚያደርገው። ኤፒአዩ፣ ማለትም ኮድ ሲጻፍ የሚጠሩት ስሞች፣ አልተነካም። የፈረሰው ኤቢአዩ ነው፦ ኮምፓይል ተደርገው ባለቁ ሁለት ፋይሎች መካከል ያለው ስምምነት።

እኛ ጋ ነገሩ ሌላ ነው። ዲስትሪቢውሽን ውስጥ ላይብረሪው በአንድ ፓኬጅ ይመጣል፤ ፕሮግራሙ በሌላ። አንዱ ዛሬ ይታደሳል፣ ሌላው የዛሬ ዓመት። ፕሮግራሙን የያዘውም ሌላ ሰው ነው፤ ምናልባት ስሙን እንኳ አላውቅም። ተጠቃሚው ደግሞ ምንም ኮምፓይል አያደርግም። በዚህ ሁሉ መሃል ለማሽኑ "እነዚህ ሁለቱ ይግባባሉ" ብሎ የሚነግረው አንድ ነገር ያቺ ቁጥር ናት።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የላይብረሪን ስም የሚያወጣው ግን እናንተ የጻፋችሁት የቢልድ ስክሪፕት (የኮምፓይል ማድረጊያ ትእዛዞች) ነው። በላይብረሪው ፋይል ውስጥ ሶኔም የሚባል ጽሑፍ አለ፤ ሊብፉ.ኤስኦ.2 የሚል። አንድ ፕሮግራም ከላይብረሪው ጋር ሲገናኝ ይህን ስም ገልብጦ ሆዱ ውስጥ ያስቀምጣል። ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር ዳይናሚክ ሊንከሩ፣ ፕሮግራምን ከላይብረሪ የሚያገናኘው፣ ያንን ስም ይዞ ይፈልጋል። ካገኘ ያገናኛቸዋል። ላይብረሪውን ለመምረጥ ሌላ ምንም አይጠይቅም። የቨርዥኑን 2.4.2 አያይም። የለውጥ መግለጫችሁን አያነብም። 2 ካለ 2 ነው።

ደራሲው ያንን ፖይንተር ሲጨምር 2ን 3 ቢያደርጋት ኖሮ ምንም ባልተፈጠረ። ከዲስትሪቢውሽኖች አንዱ በሆነው በዴቢያን ላይ ቁጥሯ የፓኬጁ ስም ውስጥ ትገባለች፤ ሊብፉ2 እና ሊብፉ3 ሁለት የተለያዩ ፓኬጆች ይሆናሉ። ሁለቱም አንድ ማሽን ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አሮጌው ፕሮግራም አሮጌውን ይዞ ይቀጥላል። አዲሱን የፈለገ በአዲሱ ኮምፓይል ይደረጋል። ማንም አይወድቅም። እኔም ሁለት ማታ እተኛ ነበር።

ብዙ ሰው ሁለቱን ቁጥሮች ያምታታል። ቨርዥን ለሰው ነው፤ ለማስታወቂያም ይሆናል፣ ደስ ሲላችሁ ከ2 ወደ 10 መዝለል መብታችሁ ነው። የሶኔም ቁጥር ለማሽን ነው። ሁለቱ የግድ መመሳሰል የለባቸውም። ሊብቱል የተባለውን የላይብረሪ መገንቢያ መሣሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ከረንት፣ ሪቪዥን እና ኤጅ የሚባሉ ሦስት ቁጥሮች አሉ። ሊኑክስ ላይ ሶኔም ውስጥ የምትገባው ከረንት ሲቀነስ ኤጅ ነች። እዚያ ላይ የፕሮጀክቱን ቨርዥን እንዳለ የሚለጥፉ አጋጥመውኛል። የሚወጣው ስም ምንም ትርጉም የለውም፤ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይሄዳል።

ቁጥሯን ስንት ዓመት መጠበቅ እንደሚቻል ማየት ለሚፈልግ ጂሊብሲ አለ። የሊኑክስ ማሽን ላይ ያለ ፕሮግራም ሁሉ ማለት ይቻላል የሚደገፍበት ላይብረሪ ነው። ሶኔሙ ሊብሲ.ኤስኦ.6 ነው። 6 የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1997 ጂሊብሲ 2.0 ሲወጣ ነው። ዛሬም 6 ናት። በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጡ አልተቀየረም ማለት አይደለም። አንድ ፋንክሽን ጠባዩ ሲቀየር አሮጌውን ከእነ ቨርዥኑ ያስቀምጡታል፤ አዲሱን በሌላ ቨርዥን ይጨምሩታል። ሜም-ኮፒ የተባለችው ተራ ፋንክሽን በ2.14 ላይ እንዲህ ሆናለች። ከዚያ በፊት ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም አሮጌዋን ያገኛል፣ ከዚያ በኋላ የተደረገው አዲሷን። እናንተም እንዲህ አድርጉ ልላችሁ አይደለም። ይህ የሙሉ ጊዜ ሥራ ነው፣ ለትንሽ ላይብረሪ ደግሞ ከልክ ያለፈ ድካም ነው።

ተቃራኒው ጥፋትም አለ። አንዳንዱ ደራሲ አንድ ጊዜ ከተወቀሰ በኋላ ይፈራና በእያንዳንዱ ሪሊዝ (አዲስ ልቀት) ቁጥሯን ይጨምራል። "ለማንኛውም" ብሎ። እባካችሁ ይህንንም ተዉት። ቁጥሯ ስትጨምር ዴቢያን ላይ አዲስ የፓኬጅ ስም ይፈጠራል። አዲስ ስም ያለው ፓኬጅ ሁሉ ወረፋ ይገባል፤ ሰው ቁጭ ብሎ ይመረምረዋል፣ ፈቃዱን ጭምር። ከዚያ ላይብረሪውን የሚጠቀም ፕሮግራም በሙሉ እንደገና ኮምፓይል ይደረጋል። ትራንዚሽን ነው የምንለው። ከፕሮግራሞቹ አንዱ በራሱ ምክንያት ኮምፓይል አልሆን ካለ ሁሉም ቆመው ይጠብቁታል። ምንም ላልተቀየረ ነገር ይህን ሁሉ ሰው ማስነሳት ያሳዝናል።

ደራሲው ምንም ሳያጠፋም ቁጥሯ የምትፈለግበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የጂሲሲ ኮምፓይለር 5ኛ ቨርዥን ሲወጣ የሲ ፕላስ ፕላስ ስትሪንግ (ጽሑፍ) በሜሞሪ ውስጥ የሚቀመጥበት መልክ ተቀየረ። ስትሪንግ ተቀብሎ ወይም መልሶ የሚሰጥ የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ ሁሉ፣ አንድ መስመር ኮድ ሳይነካ፣ ኤቢአዩ ተቀየረ። ዴቢያን የብዙዎቹን ፓኬጆች ስም መቀየር ነበረበት፤ በስማቸው ጭራ ቪ5 ተለጠፈ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ሌላ መጣ። በ32 ቢት ማሽን ላይ ሰዓትን የምትይዘው ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2038 ትሞላለች። ከመሙላቷ በፊት ወደ 64 ቢት መስፋት ነበረባት። ሰዓትን በስትራክት ውስጥ የያዘ ላይብረሪ ሁሉ ኤቢአዩ ተንቀሳቀሰ። ዛሬ ዴቢያን ላይ የኦፕንኤስኤስኤልን የምስጠራ ላይብረሪ የምትፈልጉ ሊብኤስኤስኤል3ቲ64 የሚል ጉድ ታገኛላችሁ። ያ ቲ64 የዚያ ሥራ ጠባሳ ነው። አስቀያሚ ስም ነው፣ ግን የማንም ፕሮግራም በዝምታ አልተበላሸም።

"ታዲያ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ፕሮግራሙ ላይብረሪውን ሆዱ ውስጥ ይዞ ቢመጣስ?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከእናንተ ብዙዎቹ በሰነዳችሁ ላይ "የኛን ኮድ ወደ ፕሮጀክታችሁ ኮፒ አድርጉት" ብላችሁ ትመክራላችሁ። ለጀማሪ ቀላል ነው፣ አልክድም። ግን የዚህን መጨረሻ ደጋግመን አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ዚሊብ በሚባለው የዳታ መጭመቂያ ላይብረሪ ላይ አንድ የሜሞሪ ስህተት ተገኘ፤ አንድን ሜሞሪ ሁለት ጊዜ የሚለቅ። 1.1.4 ላይ ተስተካከለ። ዲስትሪቢውሽኖች የጋራውን ላይብረሪ ወዲያው ቀየሩ። ሥራው ግን እዚያ አላለቀም። ዚሊብን ኮፒ አድርገው ውስጣቸው የከተቱትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ማደን ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ሊብዌብፒ በሚባለው የምስል ላይብረሪ ላይ ያው ታሪክ ተደገመ። ስህተቱ አንድ ላይብረሪ ውስጥ ነው፤ ኮፒው ግን ብራውዘሮች ውስጥ፣ በኤሌክትሮን የተሠሩ አፖች ውስጥ፣ ማንም ባላሰበበት ቦታ ሁሉ ተበትኗል።

ከዚያ ጋር የኦፕንኤስኤስኤልን ሃርትብሊድ የተባለ ስህተት አወዳድሩት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2014 ነው። የስህተቱ ክብደት የሚያስደነግጥ ነበር፤ ከሰርቨር ሜሞሪ ውስጥ ምስጢር የሚያፈስ። የማሽኑ ፕሮግራሞች በጋራ ላይብረሪ ለሚጠቀሙ ሰዎች ግን የማሽኑ ጥገና አንድ ፓኬጅ ማደስና ሰርቪሶቹን ማስነሳት ነበር። ማስነሳቱን አትርሱ። እየሠራ ያለ ፕሮግራም አሮጌውን ላይብረሪ ከሜሞሪ አይለቅም፤ ፋይሉ ቢቀየርም እርሱ የድሮውን ይዞ ይቀጥላል። አፕዴት አድርገው ሳያስነሱ ተኝተው የሚያድሩ ሰዎች ዛሬም አሉ።

ጎ እና ረስት የሚባሉት የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ሁሉንም ነገር ማለት ይቻላል ወደ አንድ ፋይል ጠቅልለው ነው የሚሄዱት። ከእነርሱ ጋር ክርክር ልገጥም አልመጣሁም፤ የራሳቸው ምክንያት አላቸው። እኛም አንድ ላይብረሪ ሲታደስ ተጠቃሚዎቹን በሙሉ እንደገና ኮምፓይል እያደረግን እየተከተልናቸው ነው። እኔ የማወራው በሲ እና በሲ ፕላስ ፕላስ ለምትጽፉት ነው።

አሁን ወደ እኛ ጥፋት ልምጣ። ስለ እናንተ ብቻ አውርቼ ብዘጋው ውሸታም እሆናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ዴቢያን ውስጥ ኦፕንኤስኤስኤልን የያዘ ሰው የቫልግራይንድ (የሜሞሪ ስህተት መፈለጊያ መሣሪያ) ማስጠንቀቂያ ያስቸግረዋል። ያልተሞላ ሜሞሪ እየተነበበ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ዝም ለማሰኘት ሁለት መስመር ያወጣል። ከሁለቱ አንዷ ግን የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫው የሚመገብባት መስመር ነበረች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው። ከዚያ በኋላ ቁልፍ ሲፈጠር ብቸኛው የሚለያየው ነገር የፕሮሰስ ቁጥር ሆነ። በአንድ ዓይነት ማሽን ላይ ለአንድ ዓይነትና መጠን ቁልፍ ሊወጡ የሚችሉት 32,768 ብቻ ናቸው። ለኮምፒውተር ይህ የሰዓታት ሥራ ነው። ስህተቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 ነው። ወደ ሁለት ዓመት ይጠጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ በእነዚያ ማሽኖች በኦፕንኤስኤስኤል የተፈጠረ ቁልፍ ሁሉ መጣል ነበረበት።

ሰውየው ግን በዝምታ አላደረገውም። የኦፕንኤስኤስኤልን ሰዎች ጠይቆ ነበር። የተሰጠውም መልስ የሚከለክል አልነበረም። ሁለቱ ወገኖች አንድ ነገር እያወሩ መስሏቸው ሁለት ነገር አወሩ። እኔ ፓች (የኮድ ማስተካከያ) ስልክላችሁ፣ ሥራ በዝቶባችሁም ቢሆን፣ ትክ ብላችሁ እዩልኝ የምለው ለዚህ ነው። ኮዳችሁን እንደናንተ አላውቀውም። በልበ ሙሉነት ስህተት ልሠራ እችላለሁ። "ይህን አትንካ፣ ምክንያቱም..." የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ታድነኛለች።

ሁለተኛው የጋራ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የፖስትግሬኤስኪውኤል ዳታቤዝ ፕሮግራመር ኤክስዜድ በሚባለው የዳታ መጭመቂያ ውስጥ የተደበቀውን ተንኮል ይፋ አደረገ። በኤስኤስኤች ከርቀት ወደ ማሽን መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ነው መመርመር የጀመረው። ግማሽ ሰከንድ! ሌላው ሰው ሻይ ለመጠጣት ይነሳ ነበር። በ5.6.0 እና በ5.6.1 ውስጥ የጀርባ በር ተቀብሯል። ተንኮሉን የምትቀሰቅሰው የቢልድ ስክሪፕት ቁራጭ ለልቀት በተዘጋጀው ታርቦል (የታሸገ የኮድ ፋይል) ውስጥ ነበረች፤ የኮዱ ታሪክ በሚቀመጥበት በጊት ውስጥ ግን አልነበረችም። ኮዱን በጊት ላይ የሚያነብ ሰው አያያትም። እኛ ደግሞ ኮምፓይል የምናደርገው ታርቦሉን ነው። ስለዚህ ልመናዬ፦ ታርቦላችሁ ከጊት ታጉ (የልቀቱ ምልክት) ጋር አንድ ይሁን። የግድ የተመነጨ ፋይል መጨመር ካለባችሁ፣ እኛም ራሳችን አመንጭተን ማወዳደር እንድንችል መንገዱን ጻፉልን።

የእኛ ድርሻ የቱ ነው ካላችሁ፣ ኦፕንኤስኤስኤች፣ የኤስኤስኤች ፕሮግራሙ፣ ራሱ የኤክስዜድን ላይብረሪ አይጠቀምም። ያገናኛቸው የዲስትሪቢውሽኖች ፓች ነው። ኤስኤስኤች ሰርቨሩ ሰርቪሶችን ለሚያስነሳው ለሲስተምዲ "ተነስቻለሁ" ብሎ እንዲነግር ብለው ከሊብሲስተምዲ ጋር አገናኙት። ሊብሲስተምዲ ደግሞ ያኔ የኤክስዜድን ላይብረሪ ይዞ ይመጣ ነበር። ለአንዲት መልእክት ስንል በሩን የከፈትነው እኛ ነን።

ትንንሾቹን ነገሮች ቶሎ ቶሎ ልበልና ልለፋቸው። ኮምፓይል ሲደረግ ከኢንተርኔት ምንም እንዳያወርድ አድርጉት፤ የእኛ ቢልድ ማሽኖች በዚያ ሰዓት ኔትወርክ የላቸውም። ማርች-ኔቲቭ የምትለዋን የኮምፓይለር ምርጫ ከነባሪው አውጧት። በእኔ ማሽን ልክ የተሰፋ ፋይል የድሮ ፕሮሰሰር ያለው ሰው ጋ ሲደርስ በመጀመሪያዋ ያልገባችው ትእዛዝ ይሞታል። ማስጠንቀቂያን ሁሉ እንደ ስህተት የሚቆጥረውን ዌረርንም እንዲሁ፤ ለእናንተ ጥሩ ነው፣ ግን የሚቀጥለው ዓመት ኮምፓይለር አዲስ ማስጠንቀቂያ ይዞ ሲመጣ ምንም ያልተበላሸ ኮድ ኮምፓይል አልሆን ይለኛል። ፋይሎች የሚቀመጡበትን ቦታ እኛ እንድንመርጥ የሚያስችለንን ዴስትዲርን አክብሩ። ካር የምትባለው የዳታ ዓይነት በኢንቴል ማሽን ላይ ኔጌቲቭ እንደምትይዝ፣ በአርም ሊኑክስ ላይ ግን እንደማትይዝ አትርሱ። ኤስ390ኤክስ የሚባለው ማሽን ባይቶቹን ከትልቁ ጀምሮ ነው የሚደረድረው፤ ቴስታችሁ እዚያ ሲወድቅ "ማን ይጠቀምበታል" አትበሉኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛ ባግ ነው የሚያጋልጠው።

ፈቃዱንም በሙሉ ጽሑፉ አስገቡልን፤ "ክፍት ሶርስ ነው" የምትል መስመር ብቻዋን አትበቃም። በራሳችሁ ቃል አዲስ ፈቃድ ከመፍጠርም ተቆጠቡ። "ሶፍትዌሩ ለበጎ እንጂ ለክፉ አይዋል" የምትል መስመር ያለችበት የጄሰን ፈቃድ አለ። ቀልድ ትመስላለች፣ ሐሳቧም ደግ ነው። በዚህች አንዲት መስመር ምክንያት ግን ዴቢያን ነጻ ሶፍትዌር አይደለም ብሎ አይቀበለውም፤ የአጠቃቀም ገደብ ናትና። ክፉው የቱ እንደሆነ የሚወስነውስ ማን ነው?

ወደ ቁጥሯ ልመለስ። ስለ እርሷ የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ሪሊዝ ከማድረጋችሁ በፊት አሮጌውንና አዲሱን የላይብረሪ ፋይል ለኤቢአይዲፍ ስጡት። የሊባቢጌይል መሣሪያ ነው፣ ነጻ ነው። የትኛው ፋንክሽን እንደጠፋ፣ የትኛው ስትራክት ስንት ባይት እንደተገፋ በግልጽ ይነግራችኋል። ያንን ፖይንተር በደቂቃ ያገኘው ነበር፤ እኔ ሁለት ማታ የለፋሁበትን። ሳይቃጠል በቅጠል። ስትራክቱን ገና ከመጀመሪያው ብትደብቁት ደግሞ ይሻላል። ሄደሩ ላይ ስሙ ብቻ ይቀመጥ፣ ውስጡ እናንተ ጋ ይቅር፣ ተጠቃሚው ፖይንተር ብቻ ይያዝ። ያኔ መሃሉ ላይ የፈለጋችሁትን ብትከቱ ማንም አይነካም። የውስጥ ፋንክሽኖቻችሁንም ከውጭ እንዳይታዩ አድርጉ። ሰው የሚታየውን ሁሉ ይጠቀማል፤ "የውስጥ ነው" የሚል ኮሜንት አይመልሰውም።

የጊዜውን ነገርም ላንሳ፤ ቅሬታችሁ እዚያ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ዴቢያን የተረጋጋ ቨርዥኑን በግምት በየሁለት ዓመቱ ነው የሚያወጣው፦ 11ኛውን እ.ኤ.አ. በ2021፣ 12ኛውን በ2023፣ 13ኛውን በ2025። ከዚያ በፊት ለወራት በሩ ይዘጋል። ሪሊዛችሁ በሩ ከተዘጋ በኋላ ከደረሰ እስከሚቀጥለው ድረስ ውጭ ይቀራል። ተጠቃሚው ደግሞ የዛሬ ሦስት ዓመት ያስተካከላችሁትን ባግ ዛሬ ሪፖርት ያደርግላችኋል። የሚያናድድ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ተጠቃሚው መጀመሪያ እኛ ጋ እንዲመጣ ማድረግ የእኛ ሥራ ነው፤ በደንብ አልሠራነውም። እናንተም "ከዲስትሪቢውሽን የመጣ ከሆነ መጀመሪያ እዚያ ሪፖርት ይደረግ" ብላችሁ ብትጽፉ አንቀየምም።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልስጣችሁ። ሪሊዙን ይፋ ከማድረጋችሁ አንድ ሳምንት በፊት የሙከራ ታርቦል ላኩልኝ። ላይብረሪያችሁን የሚጠቀሙትን ፓኬጆች በሙሉ በእርሱ ኮምፓይል አደርጋቸዋለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ ሳላድሳቸው፣ እንዳሉ፣ ከአዲሱ ላይብረሪ ጋር አስነሳቸዋለሁ። የወደቀውን ዝርዝር እልክላችኋለሁ። ማሽኑ ሌሊት ነው የሚሠራው፤ እኔን ብዙ አያደክመኝም። አብዛኞቹ የሥራ ባልደረቦቼም ብትጠይቋቸው እሺ ይላሉ።

ያ ደራሲ፣ የፖይንተሩ ባለቤት፣ ያኔ ቀጣዩን ሪሊዝ አወጣና ፊልዱን ከስትራክቱ አውጥቶ ሌላ ቦታ ወሰደው። ብዙ አላወራንም። ባለፈው ወር አጭር መልእክት ላከልኝ፦ "ያንን ስትራክት በደንብ ልነካው ነው። ቁጥሯን ልጨምራት ወይስ ልተዋት?"

"ጨምራት" ብዬ መለስኩለት። ከዚያ ሊብፉ3 የሚል ባዶ ፎልደር ከፍቼ መጠበቅ ጀመርኩ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፓኬጅ አዘጋጅ